በሽታውን የደበቀ ዓሣ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተረቱ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለታማሚው ነው፤ ተናገር፣ አትፈር፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ ለማለት። ምክሩ መልካም ነው። ጥፋቱን ግን አንድ ሰው ላይ ብቻ ያሳርፈዋል፤ ጥፋተኛው የደበቀው ነው። አብሮት የሚኖረው ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሲያይ እንደ ነበር አይጠይቅም። ታማሚው መናገር የማይችል ሲሆን፣ ወይም መታመሙ መታወቁ ራሱ የሚያስፈራው ሲሆን፣ የማወቁ ዕዳ የማን ነው? ጥያቄው ስለ ሰው ሲነሳ ብዙ ነገር ይደባለቅበታል። ከትንሽ ጣት የማይረዝም ዓሣ ላይ ሲነሳ ግን ጥርት ብሎ ይታያል።

ቶሮንቶ ከተማ፣ ኤግሊንተን ዌስት መንገድ ላይ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ባለ አፓርታማ ከልጇ ጋር የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ትታሰብ። ሰፈሩ ሊትል ጃማይካ የሚባለው ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በየግድግዳው የሚታይበት፣ ቀለሙን የቀቡት ግን የሌላ አገር ልጆች የሆኑበት። ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፎ ከፈረቃ ስትገባ ልጁ ተኝቷል፤ ሳሎኑ ውስጥ የሚበራው 40 ሊትር ውሃ የሚይዘው አኳሪየም ብቻ ነው። በውስጡ ለልጁ ልደት የተገዙ 10 ኒዮን ቴትራዎች አሉ። ሰማያዊና ቀይ መስመር ያላቸው፣ ዘራቸው ከአማዞን ወንዞች የሆነ፣ እርባታ ቦታ ተፈልፍለው በፕላስቲክ ከረጢት ተጉዘው የመጡ ትናንሽ ዓሦች ናቸው። አንድ ማታ ስትቆጥራቸው 9 ሆኑባት። አሥረኛው አልሞተም። ከማጣሪያው ጀርባ ብቻውን ቆሟል። አልቆሰለም፣ አልተገለበጠም፤ የተለየው ነገር ብቻውን መሆኑ ነው።

ዓሣ በሽታውን ይደብቃል። ወንዝ ውስጥ ትልቁ ዓሣና ወፉ ከመንጋው መካከል የሚመርጡት ለየት ብሎ የሚታየውን ነው። ስለዚህ ትንሽ ዓሣ አቅሙ እስካለ ድረስ ከሌሎቹ ጋር ይዋኛል፤ የሚታወቅበት አቅሙ ሲያልቅ ነው። ብዙ ሰው «ዓሣዬ በድንገት ሞተ» የሚለው ለዚህ ነው። ሕመሙ ሰነባብቷል፤ ድንገተኛ የሆነው የባለቤቱ ማየት ነው።

ምልክቶቹ ትናንሽ ናቸው። ክንፎቹን ከገላው ጋር አጣብቆ መያዝ፣ ወደ ላይ ወጥቶ በአፉ አየር መሻት፣ የመተንፈሻ ክዳኑን ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ማንቀሳቀስ፣ ገላውን ከጠጠር ጋር ማሸት፣ ምግብ ጎርሶ መልሶ መትፋት፣ ሆድ አብጦ ቅርፊት ወደ ውጭ መቆም። አንዳቸውም ለብቻቸው የበሽታውን ስም አይናገሩም። እንዲያውም አንዳንዱ በሽታም አይደለም፤ ኒዮን ቴትራ መብራት ጠፍቶ ሲያድር ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲነጋ ይመለሳል። ትናንት እንዴት ይዋኝ እንደ ነበር ያላየ ሰው ዛሬ የተለወጠውን መለየት አይችልም። እንግዲህ በሽታን ማወቅ የሚጀምረው በሽታው ከመምጣቱ በፊት ነው። ምግብ ሲሰጥ ሁለት ደቂቃ ቆሞ መቁጠር፣ ማን ቀድሞ እንደሚመጣና ማን ወደ ኋላ እንደሚል ማየት፣ ማንም ባልታመመበት ቀን የሚሠራ ሥራ ነው።

ይህ ሥራ የባለቤቱ ግዴታ የሚሆነው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው መስታወቱ ላይ ነው። ወንዝ ውስጥ ያለ ዓሣ ውሃው ሲበላሽበት ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሲሞቅበት ወደ ጥላ፣ አየር ሲያንሰው ወደሚፈስሰው ውሃ ይጠጋል። አኳሪየም ውስጥ ይህ ሁሉ ተወስዶበታል። መደበቁ ደግሞ አብሮት ገብቷል፤ የሚፈራው አዳኝ በሌለበት ሳሎን ውስጥ እንኳ ልማዱ አልተወውም። ድሮ ከሞት ያድነው የነበረው ልማድ አሁን ከእርዳታ ያርቀዋል። ማምለጫውን የወሰደበት ሰው በማምለጫው ፋንታ መቆም አለበት። ዓሣው እንዲናገር መጠበቅ፣ ከዚያም «ምነው ቀደም ብዬ ባወቅሁ» ማለት፣ በራስ እጅ የተዘጋን በር በሌላው ላይ ማሳበብ ነው።

ይህ ሐሳብ ለዓሣ ብቻ የሚሠራ እንዳልሆነ ከመስኮቷ በታች ያለው መንገድ ይመሰክራል። የኤግሊንተን ክሮስታውን የባቡር መስመር ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጀምሮ ከ10 ዓመት በላይ ሲቆይ፣ መንገዱ ታጥሮ የእግረኛው መተላለፊያ ጠብቦ ነበር፤ ከሊትል ጃማይካ ሱቆች ብዙዎቹ በዚያ ዘመን ተዘጉ። ሱቅም በሽታውን ይደብቃል። ባለቤቱ ደንበኛው እንዳይሸሽ «ሥራ ደህና ነው» ይላል። መደርደሪያው ግን ይሳሳል፣ የመዝጊያው ሰዓት ቀደም ቀደም ይላል። የሰፈሩ ነጋዴዎች ካሳ ሲጠይቁ ከኖሩበት ክርክር በስተኋላ ያለው ሐሳብ ይኸው ነው፤ አጥር ያጠረ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ሰው ሁኔታ የማወቅ ኃላፊነት አብሮ ይወስዳል።

ምልክቱ ከታየ በኋላስ? የብዙ ሰው እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ መድኃኒት ጠርሙስ ነው። ዓሣ በማርባት የቆዩ ሰዎች ግን መጀመሪያ ውሃው ይለካ ይላሉ። የዓሣ እዳሪና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ አኳሪየም ውስጥ እስኪደላደሉ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ዛሬ ውሃ ሞልቶ ዛሬ ዓሣ የጨመረ ሰው ዓሦቹን በራሳቸው ቆሻሻ እየመረዛቸው ነው፤ ውሃው ግን እንደ ጠበል ጥርት ብሎ ይታያል።

ቶሮንቶ ላይ ሌላም ነገር አለ። ውሃ በባልዲ ካደረ ክሎሪኑ ይወጣለታል የሚለው ምክር የቆየ ነው፤ ክሎሪን ብቻ ላለበት ውሃም ይሠራል። ቶሮንቶ ግን ከኦንታሪዮ ሐይቅ የምትቀዳውን ውሃ ካጣራች በኋላ ክሎሪኑን ከአሞኒያ ጋር አዋህዳ ክሎራሚን ታደርገዋለች፤ በረጅሙ ቧንቧ ውስጥ ኃይሉ ቶሎ እንዳያልቅ። ክሎራሚን አንድ ሌሊት በማደር አይጠፋም። ሰው ይጠጣዋል፣ ዓሣን ግን ይጎዳል። የሚያስፈልገው ከዓሣ ሱቅ የሚገዛ የውሃ ማስተካከያ ጥቂት ጠብታ ነው። እንግዲህ ያቺ ሴት ለዓሦቹ አዝና፣ ከድካሟ ላይ ቀንሳ፣ ያደረ ውሃ በየሳምንቱ ስትቀይርላቸው ከርማ ሊሆን ይችላል። የታመሙትም በዚያው ውሃ ሊሆን ይችላል። በጎ ፈቃድ ነበራት፤ ያላወቀችው ውሃውን ነው። የመመርመሪያው ቀለም ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥባት የሚከብዳት ገንዘቡ አይደለም። የሚከብዳት የበሽታው መነሻ የራሷ እጅ መሆኑን መቀበል ነው። መድኃኒት መጨመር ይህን ከመቀበል ያሳርፋል፤ ጠርሙሱን ሲያዩት ጥፋቱ ከውጭ የመጣ ይመስላል።

ከውጭ የሚመጣም አለ። ኢክ የሚባለው በሽታ ዓሣው ላይ ጨው የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። እያንዳንዱ ነጭ ነጥብ ከቆዳው ሥር የተሸሸገ ጥገኛ ነፍስ ነው። ጠግቦ ሲያበቃ ቆዳውን ትቶ ይወርዳል፣ ከታች ጠጠሩ ላይ ተጣብቆ በመቶ ለሚቆጠሩ ይከፋፈላል፣ ልጆቹም ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። መድኃኒቱ የሚደርስባቸው በዚህ በመጨረሻው ጊዜ ብቻ ነው። ቆዳ ውስጥ ሳሉም፣ ተጣብቀው ሲከፋፈሉም አይነካቸውም። ውሃው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ዙሩ ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ሲቀዘቅዝ ሳምንታት ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ነጥቦቹ ጠፍተው ዓሣው ያማረበት ቀን፣ ሰው ሁሉ «ዳነ» ብሎ መድኃኒቱን የሚያቆምበት ቀን፣ መድኃኒቱ ሊሠራ የጀመረበት ቀን ነው። ያቆመ ሰው ከሳምንት በኋላ አሥሩንም ነጥብ በነጥብ ሆነው ያገኛቸዋል። ርኅራኄ ዓይን የሚያየውን ብቻ ከተከተለ የሚያቆመው ተመልካቹ ሲቀለው ነው። ዓሣውን የሚያድነው ምንም በማይታይባቸው ቀኖች የሚቀጥለው ሥራ ነው፤ ያም ሥራ የሚመጣው ከማወቅ ነው።

ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣ ፈተናም አለ። ካናዳ ለሰው ሕክምና አስፈላጊ የሆኑ አንቲባዮቲኮች ለእንስሳትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ ከዲሴምበር 1 ቀን 2018 ጀምሮ ደንግጋለች። ስለዚህ የዓሣ አንቲባዮቲክ እንደ ድሮው ከመደርደሪያ ላይ አይነሳም። ብዙ የሐበሻ ቤት መሳቢያ ውስጥ ግን ከአገር የመጣ ካፕሱል አይጠፋም፤ ቴትራሳይክሊን ፈልቅቆ ቁስል ላይ መነስነስም ያልለመደው ሰው የለም። አንዱን ፈልቅቆ ውሃው ውስጥ መበተን ቀላል ነው። ኢክ ባክቴሪያ ስላልሆነ በዚህ አይሞትም። ሊሞቱ የሚችሉት አሞኒያውን የሚያጠፉት የማጣሪያው ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የቀሩትም መድኃኒቱን ይለምዱታል። ዓሣው ምንም አላገኘም፤ የሰጠው ሰው ግን «የምችለውን አደረግሁ» ብሎ ይተኛል። እንዲህ ያለው መድኃኒት የሚያክመው ሰጪውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሳል። ይህ ሁሉ ለዓሣ ነው? ጣና ዳር ወይም ዝዋይ ዳር ላደገ ሰው ቆሮሶና አምባዛ መጀመሪያ ምግብ ናቸው፤ ያመዋል ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ሳይንቲስቶቹም አልተስማሙም። ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ትራውት የሚባለው ዓሣ ጉዳት የሚሰማቸው ነርቮች እንዳሉት አሳይተዋል። ከንፈራቸው ላይ አሲድ የተወጉት ዓሦች ከንፈራቸውን ጠጠር ላይ አሹ፣ አተነፋፈሳቸው ፈጠነ፣ ለ3 ሰዓት ያህል ምግብ አልቀመሱም። አውስትራሊያዊው የነርቭ ተመራማሪ ብራያን ኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓሣ ሕመምን ሊያውቅበት የሚችል የአንጎል ክፍል የለውም ሲል ተከራክሯል፤ ለጉዳት መልስ መስጠትና ሕመም መሰማት አንድ አይደሉም ባይ ነው።

ክርክሩ እስኪያልቅ ዓሣው አይጠብቅም። ሰው ሳያውቅ መወሰን ሲኖርበት የሚረዳው፣ ቢሳሳት ስሕተቱን ማን እንደሚሸከመው መጠየቅ ነው። ዓሣው ምንም የማይሰማው ሆኖ ሳለ የታከመ እንደ ሆነ የጠፋው ጥቂት ዶላርና የአንድ ምሽት ዕረፍት ነው፤ የከፈለውም የወሰነው ሰው ነው። የሚሰማው ሆኖ ሳለ የተተወ እንደ ሆነ ግን የከፈለው በውሳኔው ያልነበረው ነው። ስሕተት ካልቀረ የወሰነው ሰው የሚከፍለው ይሻላል።

እናት በስልክ ይህን ብትሰማ ግን ሌላ ነገር ትላለች። ደብረ ብርሃን ያለችው እናት፣ ጎረቤቷ ከቀየው ተፈናቅሎ በድንኳን የሚያድር ሰው እያላት፣ «ልጄ፣ ለዓሣ መድኃኒት ትገዣለሽ?» ብትል መልሱ ቀላል አይደለም። በ4 ዶላር ለተገዛ ዓሣ 20 ዶላር ማውጣት ገንዘቡ ሌላ ቦታ ሊሠራ የሚችለውን ለሚያውቅ ሰው ያሳፍራል። እናትየው የምታነሳው እውነት ነው፤ ሰው ይቀድማል። ከዚህ ተነስቶ ግን ለዓሣው ዕዳ የለም ማለት አይቻልም። ዕዳው የተገባው ዓሣው ሲታመም ሳይሆን ሱቅ ውስጥ ሲገዛ ነው። የዓሣ ዋጋ 4 ዶላር የሚመስለው ማጣሪያው፣ ማሞቂያው፣ መመርመሪያው፣ የሚታመምበት ቀንና የሚሞትበት ቀን ሳይቆጠሩ ነው። መድኃኒቱን መክፈል የማይችል ሰው ዓሣውንም መግዛት አይችልም ነበር፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ለእናቱም ለዓሣውም ይበጅ ነበር። ደግሞም ከሚያስፈልገው አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ውሃ መቀየር፣ ምግብ መቀነስ፣ መቁጠር፣ ማየት፤ እነዚህን ከእናት ጉሮሮ የሚነጥቅ የለም።

አበው ይህን ነገር በሥዕል ነግረውታል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ባለበት ቤት ያደገ ሁሉ ከዓይናቸው እንባ የምትጠጣዋን ወፍ ያስታውሳል። በዙሪያቸው አንበሳና ነብር ቆመዋል፤ ጻድቁ ግን የደረሱላት ውሃ ለጠማት ወፍ ነው። ወፏ ትንሽ ናት፣ ለማንም አትጠቅምም፣ ብትሞትም ማንም አይጠይቅ። ሥዕሉ በየቤቱ ሲሰቀል ትንሽነቷ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

ማዳን የማይቻልበት ጊዜም ይመጣል። ከማጣሪያው ጀርባ ብቻውን የቆመው ዓሣ ቀለሙ ቦታ ቦታ እየጠፋ፣ ጀርባው እየጎበጠ ከሄደ፣ በራሱ በኒዮን ቴትራ ስም የሚጠራው በሽታ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የለውም። ከሞተ በኋላ ሌሎቹ ከነጩት ወደ እነሱ ይተላለፋል። ነገር ግን ከባክቴሪያ የሚመጣ ሌላ ሕመም ይመስለዋል፤ በዓይን አይቶ መለየት ያስቸግራል። መጀመሪያ ወደ ለይቶ ማቆያ ማውጣት ተገቢ ነው። ይህም ንጹሕ ውሳኔ አይደለም፤ በመንጋ ለሚኖር ዓሣ ብቻውን ባልዲ ውስጥ መዋል ራሱ ጭንቀት ነው። የዘጠኙ ደኅንነት በአንዱ ብቸኝነት ይገዛል፤ የሚገዛውም ሌላ ሰው ነው። ይህን የሚያቀል ሕግ የለም። ማቆያውን ሞቅ ማድረግ፣ ጥላ መስጠት፣ ቀን መቁጠር ብቻ ነው ያለው።

ካልዳነስ? አንዳንዱ ከነሕይወቱ ሽንት ቤት ይለቀዋል፣ አንዳንዱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የእንስሳት ሐኪሞች ሁለቱንም አይቀበሉም። ርኅራኄ መስሎት ኩሬ ውስጥ የሚለቀውም አለ፤ ካናዳ ውስጥ የተከለከለ ነው፣ በሽታውንም ለሐይቁ ዓሦች ያወርሳል። በሃሚልተን ወደብ የተባዙት ወርቃማ ዓሦች የሰው ቤት ዘሮች ናቸው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ከሚቀበላቸው መንገዶች አንዱ የቅርንፉድ ዘይት ነው። ቅርንፉድ ሻይ ላይ የሚጣለው፣ ጥርስ ሲያም የሚነከሰው ያው ነው። በውሃ ተበጥብጦ በበቂ መጠን ሲሰጥ ዓሣው መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ያንቀላፋል፤ የመተንፈሻ ክዳኑ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላም ቢያንስ 10 ደቂቃ በዚያው ይቆያል። ቤቱ የበዓል ቀን ይሸታል። ልጁ ነቅቶ ቢመጣና «ምን እያደረግሽ ነው?» ቢላት እውነቱን ልትነግረው ይገባል፤ ልጁ የታመመ ነገር ዝም ተብሎ የሚጠፋ መሆኑን ከተማረ፣ እሱም አንድ ቀን ሲታመም ዝም ይላል።

እሷ ራሷ የምትነግረው ሰው የላትም። በሥራዋ «ደህና ነኝ» የሚሉ አረጋውያንን ሳህን አይታ፣ አረማመድ አይታ ማወቅ ትችላለች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ ዓሣ ትቆጥራለች። እናቷ ግን በየእሑዱ በስልክ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ልጇ በሰው አገር እንዳትጨነቅ፣ ከሥራ እንዳትቀር ብላ። ልጅቷም በዚያው ቃል ትመልሳለች። ሁለቱም የደበቁት ከፍቅር ነው፤ ተረቱ እንደሚያስበው ከእፍረት ብቻ አይደለም። የሄደ ሰው ደግሞ በመሄዱ አንድ ነገር ወስዷል፤ እናት ፊቷን አሳይታ ሳትናገር የምትታወቅበትን መንገድ። ርቀቱንም እንደ መስታወቱ የሆነ ሰው አቁሞታል፤ ምንም እንኳ ያቆመው ወድዶ ባይሆን።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ «ደህና ነሽ?» ከማለት ሌላ የሚጠየቅ አለ። «እማዬ፣ ዛሬ ምን በላሽ? ጨረስሽው? ቤተ ክርስቲያን ከማን ጋር ሄድሽ? ዳገቱ ላይ ስንት ጊዜ ቆምሽ?» እናት መጀመሪያ ትስቃለች፤ ምን ነካሽ ትላለች። ከዚያ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ መቆሟን፣ ከዚህ በፊት ግን አንዴም እንዳልቆመች ትናገራለች።